ቬንት መክፈት ክሮል ስፔስን አያደርቅም፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአትላንታና በአካባቢዋ ቤት የገዙ ወገኖች እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው ስለ ክሮል ስፔስ ነው፤ ከወለሉ በታች፣ በመሠረት ግድግዳው መሐል ስላለው፣ ሰው በደረቱ ተስቦ ስለሚገባበት ዝቅተኛ ቦታ። ምክሩ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ ሰመር ላይ ቬንቶቹን (በመሠረት ግድግዳው ላይ ያሉትን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች) ሁሉ ክፈቱ፣ ማራገቢያም ጨምሩ፤ ያገኛችሁትን ላስቲክ መሬቱ ላይ አንጥፉ፤ ሻጋታውን በረኪና ርጩበት፤ ኢንሱሌሽኑ (ከወለሉ ስር ያለው የሙቀት መጠበቂያ) እንዳይረጥብ ከስሩ በላስቲክ ሸፍኑት፤ ውሃ ከገባ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሳምፕ ፓምፕ (የተጠራቀመ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ) አስገቡ፤ ይህ ሁሉ ካልበቃ ቤት ውስጥ ያለውን ዲሂዩሚዲፋየር (የአየር እርጥበት ማድረቂያ ማሽን) ወደ ታች አውርዱት። ሥራው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል ይላል።

ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል። ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ የሚጠይቅ ኮንትራክተር ደጅ ቆሞ ዛሬውኑ ፈርሙ ሲል፣ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ የሚል ሰው መገኘቱ መልካም ነው። እኛም ከሥራው አብዛኛው በባለቤቱ እጅ ሊሠራ እንደሚችል እናምናለን። ሆኖም ከምክሮቹ መካከል ቤቱን በቀጥታ የሚጎዱ አሉ፤ ግማሽ መንገድ ሄደው የቆሙም አሉ፤ ቅደም ተከተሉ ደግሞ የተገለበጠ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመልስ።

«ሰመር ላይ ቬንት ከተከፈተ አየሩ እየተዘዋወረ ያደርቀዋል»

ሌላው ምክር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለዚህ እንሰጣለን። አየር አንድን ነገር የሚያደርቀው ስለነፈሰ አይደለም፤ የተሸከመው ውሃ ጥቂት ሲሆን ነው። ቁጥር እናስገባበት። በጁላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውጭው 88 ዲግሪ ፋራናይት፣ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) 60 በመቶ ነው እንበል። ይህ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 19 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ይዟል። ክሮል ስፔሱ ውስጥ ያለው አፈርና ግድግዳ ፀሐይ ስለማያገኘው 68 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆያል። 68 ዲግሪ የደረሰ አየር ሊይዝ የሚችለው ደግሞ 17 ግራም ያህል ነው። የተረፈው 2 ግራም እንጨቱ፣ የውሃ ቧንቧውና ግድግዳው ላይ ይቀመጣል። የኤሲው ቀዝቃዛ አየር የሚያልፍበት ዳክት መሸፈኛው የተቀደደ ከሆነ ገጹ ወደ 55 ዲግሪ ይወርዳል። እዚያ ላይ አየሩ መያዝ የሚችለው 11 ግራም ብቻ ስለሆነ ዳክቱ ቀኑን ሙሉ ሲያልብ ይውላል።

ማራገቢያ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። በደቂቃ 100 ኪዩቢክ ፊት የሚያስገባ ትንሽ ማራገቢያ በ24 ሰዓት ወደ 4,000 ሜትር ኩብ አየር ያስገባል። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2 ግራም ጥሎ ቢያልፍ በቀን 8 ሊትር ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ቀኑና እንደ ቤቱ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። እንዲህ ባለ ወቅት ማራገቢያው ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም።

ጽሑፉ «ቀን ከፈራችሁ ማታ ክፈቱ» የሚል መስመርም አለው። ማታ የሚቀንሰው ሙቀቱ ነው፤ አየሩ የያዘው ውሃ ያው ነው ማለት ይቻላል። ማለዳ ላይ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 90 በመቶ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። መታየት ያለበት የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን መጣል የሚጀምርበት ሙቀት ነው፤ ይህ ቁጥር ስልክ ላይ ባለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ውስጥ ይገኛል። የጤዛ ነጥቡ ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሆነ ቀን ቬንት መክፈት የሚጠቅመው ነገር የለም። አትላንታ ውስጥ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ አብዛኛው ቀን እንዲህ ነው።

«ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቬንት ግዙ» የተባለውም ለዚህ ችግር አይሆንም። እነዚህ ቬንቶች የሚሠሩት በሙቀት በምትለጠጥ የብረት ጥቅል ነው፤ 40 ዲግሪ አካባቢ ይዘጋሉ፣ 70 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ። እርጥበት የሚባለውን ነገር አያውቁትም። መዘጋት በሚገባቸው በኦገስት ወር ወለል ብለው ተከፍተው ይከርማሉ።

የተባለውን ለማረጋገጥ ኦገስት ላይ በማለዳ ባትሪ ይዞ መግባት ይበቃል። ወለሉን ሰንጥቀው ወደ ታች ብቅ ያሉትን የሚስማር ጫፎች ተመልከቱ። ብረት ከእንጨት ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ውሃው መጀመሪያ የሚይዘው እነሱን ነው፤ ጫፋቸው ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ዙሪያቸውን እንጨቱ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ክብ ሠርተዋል። ዝገቱ ብርቱካንማና እርጥብ ከሆነ የዘንድሮ ነው፤ ደርቆ ጥቁር ቡናማ ከሆነ የቆየ ነው። ከዚያ ባለ ሁለት መርፌውን የእንጨት እርጥበት መለኪያ ወለሉን በተሸከመው እንጨት ላይ ሰክታችሁ አንብቡ። ከ15 በመቶ በታች ጥሩ ነው። 16 እና 17 ላይ የሻጋታ ሥጋት ይጀምራል። 20 ከደረሰ መዘግየት አያስፈልግም፤ ወደ 28 ሲጠጋ ደግሞ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚመቸው ቦታ ላይ ደርሷል።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ፕሪንስቪል በምትባል ከተማ አድቫንስድ ኢነርጂ የተባለ ድርጅት ጎን ለጎን በተሠሩ 12 ተመሳሳይ ቤቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ቬንታቸው ተዘግቶ መሬታቸው በላስቲክ የታሸገው ቤቶች ሰመሩን ደርቀው ከርመዋል፤ ቬንት ያላቸው ግን እርጥብ ነበሩ። ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የዋለውም ኃይል በተዘጉት ላይ 15 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የሰሜን ካሮላይና የመኖሪያ ቤት ኮድ (የግንባታ ደንብ) ዝግ ክሮል ስፔስን በግልጽ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ተሻሽሏል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ምክራቸው ዴንቨር ላለ ሰው ቢሆን ባልተከራከርን ነበር። እዚያ የሰመሩ አየር ደረቅ ነው። ሲያትልም ሰመሩ ደረቅ ስለሆነ ቬንት እምብዛም አይጎዳም፤ የሲያትል ችግር የዊንተሩ ዝናብ ነው። ከዴንቨር የተላከ ምክር ግን ጆርጂያ፣ ካሮላይና ወይም ቴነሲ ላለ ቤት አይሠራም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ላይ እናስቀምጥ። ከዚህ ተነስቶ ነገ ጠዋት ቬንቱን ብቻ ደፍኖ መተው ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ባዶው አፈር በየቀኑ ብዙ ሊትር ተን ይሰጣል፤ መውጫ ካጣ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ቬንት የሚዘጋው ውሃው ከተገታ፣ መሬቱ ከተሸፈነና ማድረቂያው ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

«ማንኛውም ላስቲክ ይበቃል፤ ጠርዙን ድንጋይ ጫኑበት»

መሬቱ በላስቲክ ይሸፈን ማለታቸው ትክክል ነው፤ ከጽሑፉ ምክሮች ሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ማንኛውም ላስቲክ ግን አይበቃም። ቀለም ቀቢዎች የሚያነጥፉት ስስ ላስቲክ ገና አንድ ሰው በጉልበቱ ሲሄድበት ይቀደዳል። የግንባታ ኮዱ የሚቀበለው ዝቅተኛ ውፍረት 6 ሚል ነው፤ አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው። የኤሲ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ የሚመላለስበት ከሆነ በውስጡ ክር ያለው 10 ወይም 12 ሚል ይሻላል። 20 ሚል ካልሆነ አይሆንም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ልዩነቱ በዋናነት ጥንካሬው ላይ እንደሆነና ተን በማገድ በኩል 12ቱም እንደሚበቃ እወቁ።

ጠርዙን ድንጋይ መጫን የማይበቃው ተኑ በጠርዝ በኩል ስለሚወጣ ነው። ከዚህም በላይ የመሠረቱ ብሎኬት ራሱ ከአፈር ውሃ ወደ ላይ ይመጣል፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ነጭ የጨው ዱቄት የዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 6 ኢንች መውጣት፣ መጣበቅና መታሸግ አለበት። ብሎኬቱ በብረት ብሩሽ ይጠረግ፣ የቡቲል (የሚያጣብቅ ጎማ) ቴፕ ይለጠፍበት፣ ላስቲኩ በላዩ ላይ ይጫን፣ ከዚያ በየ16 ኢንቹ በኮንክሪት ሚስማርና በሰፊ ዋሸር ይያዝ። ቡቲሉ ብቻውን አቧራማ ብሎኬት ላይ ከጊዜ በኋላ ይለቃል። ላስቲክ ከላስቲክ ሲገናኝ ኮዱ 6 ኢንች መደራረብ ይጠይቃል፤ እኛ 12 ኢንች እንመክራለን፣ ሲጎተት ይሸሻልና። መጋጠሚያው ለፖሊኢትሊን (ላስቲኩ ለተሠራበት ፕላስቲክ) በተሠራ ቴፕ ይታሸግ። ግራጫው የጨርቅ ቴፕ ሙጫው ስለሚደርቅ ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። ወለሉን የደገፉት ምሰሶዎችም ዙሪያቸውን በተቆረጠ ላስቲክ ይጠቅለሉ፤ ብዙ ጊዜ ተረስተው የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ስንት ያስፈልጋል ለሚለው፦ 28 ጫማ በ48 ጫማ የሆነ ክሮል ስፔስ አንድ ባለ 20 ጫማ በ100 ጫማ ጥቅል ይበቃዋል። ጥቅሉ ለሁለት ባለ 50 ጫማ ቁራጭ ይከፈላል፤ በርዝመቱ በእያንዳንዱ ጫፍ 1 ጫማ ለግድግዳው ይተርፋል፤ በወርዱ የሚተርፈው ለምሶሶዎቹ መጠቅለያ ይሆናል። ከማንጠፋችሁ በፊት ቁርጥራጭ እንጨቱን፣ ካርቶኑንና ሠራተኞች ጥለውት የሄዱትን ሁሉ አውጡ፤ ላስቲክ ስር የቀረ እንጨት የምስጥ ቀለብ ነው። ላስቲኩን ወጥራችሁ አትያዙት፤ ዘና ብሎ ይተኛ። ዝቅ ባለው ቦታ ላይ አንድ የውሃ ማስጠንቀቂያ ደወል አስቀምጡ፤ የላይኛው ቧንቧ ቢፈነዳ ውሃው ላስቲኩ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ማንም አያየውም።

«ሻጋታውን በረኪና ርጩበት»

በረኪና በአብዛኛው ውሃ ነው። ክሎሩ ላይ ላዩን ያነጣል፤ ውሃው ግን እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጥቁሩ ጠፍቶ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ እርጥበቱ ካለ ግን ሻጋታው ይመለሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ሻጋታን በበረኪና ማጽዳትን እንደ መደበኛ አሠራር አይመክርም። በዚህ ጠባብ ቦታ በደረት ተኝቶ ክሎር መተንፈሱ ራሱ ጉዳት አለው። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ። ከዚያ ኤን 95 ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ ሄፓ የተባለ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ምጠጡት፤ የቀረውን በሳሙና ውሃ በታሸና በተጨመቀ ጨርቅና በብሩሽ አንሱት። ሲደርቅ ቦሬት የተባለውን የእንጨት መከላከያ መቀባት ይቻላል። ጠፍጣፋ መፍቻ ወስዳችሁ እንጨቱን ውጉት፦ ጫፉ እንደ ቅቤ ከገባ ነገሩ ከሻጋታ አልፎ መበስበስ ሆኗል፤ ያን የሚያየው አናጺ ወይም መሐንዲስ ነው። ሻጋታው ከ10 ስኩዌር ፊት በላይ ከሸፈነም ባለሙያ ማማከሩ ይሻላል።

«ኢንሱሌሽኑን ከስሩ በላስቲክ ሸፍኑት»

ይህን አታድርጉ። በዊንተር ከቤቱ ወደ ታች የሚወርደው ተን ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ደርሶ ወደ ውሃ ይለወጣል። ማብሰያ ቤት ስር ቧንቧ ቢያንጠባጥብ ውሃው ላስቲኩ ላይ ተጠራቅሞ ፋይበርግላሱን (ኢንሱሌሽኑ የተሠራበትን የመስታወት ክር) እያራሰ ወለሉን ያበሰብሳል፤ ከታች ሲታይ ግን ንጹሕ ነጭ ላስቲክ ነው። ከላይ ወለሉ ሲረግጡት መለስለስ ሲጀምር ነው የሚታወቀው።

ክሮል ስፔሱ የሚዘጋ ከሆነ ኢንሱሌሽኑ ከወለሉ ይልቅ ግድግዳው ላይ ቢሆን ይመረጣል። የረጠበውንና የወደቀውን ፋይበርግላስ አውጥታችሁ ጣሉ፤ ግድግዳው ላይ እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ለጥፉ። ከፎሙ አናትና ግድግዳው ላይ ካረፈው እንጨት መካከል 3 ኢንች ግድግዳ ሳይሸፈን ይቅር። ምስጥ በግድግዳው ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ሲወጣ መርማሪው የሚያየው በዚያች ክፍተት ነው። ጆርጂያ ምስጥ ከሚበዛባቸው ግዛቶች አንዷ ናት፤ ክፍተቷ ከተደፈነች የምስጥ ዋስትና ውል የሰጠው ድርጅት ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ላስቲኩንም እስከ ላይ የምታወጡት ከሆነ እዚያው 3 ኢንች ላይ ይቁም።

«ውሃ ከገባ ሳምፕ ፓምፕ አስገቡ»

ፓምፕ ውሃው ከገባ በኋላ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ገባ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ላይ ነው። 1,500 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብ 930 ጋሎን ገደማ ይወርዳል፤ ከ3,500 ሊትር በላይ ማለት ነው። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ፣ ወይም የመውረጃው ቱቦ ግድግዳው ሥር ካፈሰሰው፣ ያ ሁሉ ውሃ ቀዩ የሸክላ አፈር ላይ ይተኛል። ይህ አፈር ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ ውሃው የሚያገኘው ቀላሉ መንገድ በብሎኬቱ በኩል ወደ ቤታችሁ ስር ነው።

ስለዚህ አሸንዳውን በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጥረጉ፤ ቅጠሉ ካለቀ በኋላ አንዱ፣ የጥድ አበባው ዱቄት ካለፈ በኋላ ሌላው። መውረጃውን በተቀጣይ ቱቦ ከግድግዳው ቢያንስ 6 ጫማ አርቁት፤ ሸክላ አፈር ላይ 10 ጫማ ቢሆን ይመረጣል። አፈሩ ከቤቱ እየራቀ በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት፤ ኮዱ የሚለውም ይህንኑ ነው። ጉድለቱ የሚሞላው በአሸዋ ወይም በጠጠር አይደለም፤ ውሃ በማያሳልፍ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ለአበባ ብላችሁ በግድግዳው ዙሪያ የሠራችሁት የድንጋይ ካብ ውሃ የሚያቁር ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ክፈቱት። እነዚህ ሥራዎች ከሁሉ ርካሽ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን አንዱንም አላነሣም።

ውሃው ከዝናብ ሳይሆን ከቧንቧ ሊሆንም ይችላል። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና አንብቡ፤ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ። የኤሲው ውሃ መውረጃ ቧንቧም ተነቅሎ እዚያው መሬት ላይ ሲያንጠባጥብ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ታይቶ አሁንም ውሃ ከገባ ፓምፕ ያስፈልጋል። ብቻውን የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ከአጠገቡ ያለውን ውሃ ብቻ ይወስዳል። በግድግዳው ውስጠኛ ዙሪያ ጠጠር የተደረገበትና የተበሳ ቱቦ የተቀበረበት ቦይ ውሃውን ወደ ጉድጓዱ ማምጣት አለበት። ቦዩ ከግድግዳው መሠረት ጠርዝ በታች መቆፈር የለበትም፤ መሠረቱ የተቀመጠበትን አፈር ያላላል። የፓምፑ መውጫ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይኑረው፤ የጉድጓዱ ክዳን ይታሸግ። መብራት የሚጠፋው በማዕበል ቀን ስለሆነ ተጠባባቂ ባትሪም ያስፈልጋል።

«የቤቱን ዲሂዩሚዲፋየር አውርዱት»

ቬንቱ ተከፍቶ እያለ ዲሂዩሚዲፋየር ማስነሳት የውጭውን አየር ለማድረቅ መሞከር ነው፤ ማሽኑ ሌት ተቀን ይሠራል እንጂ አይደርስም። ይህን ካለፍን በኋላ ጥያቄው የመጠን ነው። ዓለም አቀፉ የመኖሪያ ቤት ኮድ ዝግ ክሮል ስፔስ በዚህ መንገድ የሚደርቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ 1,000 ስኩዌር ፊት በቀን 70 ፓይንት፣ ማለትም 33 ሊትር የሚያወጣ አቅም ይጠይቃል። 1,500 ስኩዌር ፊት ከሆነ 105 ፓይንት ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ያሳስታል። እስከ 2019 ድረስ ተንቀሳቃሽ ዲሂዩሚዲፋየር የሚለካው 80 ዲግሪ ፋራናይት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 65 ዲግሪ ላይ ሆኗል። ድሮ 70 ፓይንት ይባል የነበረው ማሽን ዛሬ 50 ተብሎ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ የቆየው አሮጌ ማሽን 70 ቢልም ቀዝቀዝ ባለው ክሮል ስፔስ ውስጥ ያን ያህል አያወጣም። ከ65 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች መጠምጠሚያቸው በረዶ ይይዛል። ለክሮል ስፔስ ተብሎ የተሠራው ዝቅ ባለ ሙቀት እንዲሠራና ውሃውን በራሱ እንዲያወጣ ተደርጎ ነው።

የሳሎኑ ማሽን ሌላ ጣጣም አለው፤ ባልዲው ሲሞላ ይቆማል። በየቀኑ ተስቦ ገብቶ ባልዲ የሚደፋ ሰው የለም። ቱቦው በተዳፋት ወደ ውጭ ይሂድ፤ ተዳፋት ከሌለ ትንሽ የውሃ ማስወጫ ፓምፕ ይገጠምለት፤ ፓምፑ ቢበላሽ ማሽኑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው። ማሽኑ ላስቲኩ ላይ ሳይሆን በብሎኬት ላይ ተስተካክሎ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. የተባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ መከላከያ ያለው መሆን አለበት፤ እሱ በራሱ ሲዘጋ ማሽኑ ስለሚቆም፣ እርጥበቱ በድንገት ከጨመረ መጀመሪያ ሶኬቱን እዩ። ማጣሪያውን በየሦስት ወሩ እጠቡ።

ጽሑፉ ማሽኑን 40 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ አድርጉት ይላል። 50 እስከ 55 ይበቃል። 40 ላይ ማሽኑ ያለ ጥቅም ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ወጪውም ቀላል አይደለም። 600 ዋት የሚወስድ ማሽን በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ15 ሳንቲም ሒሳብ በወር 32 ዶላር ይሆናል። ሌላው ጉዳይ ከላይ ያለው የእንጨት ወለል ነው። እርጥበት ከታች የጠጣ ወለል ሳንቃው ጠርዙ ከፍ፣ መሐሉ ጎድጎድ ይላል። በፍጥነት ከተደረቀ በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ቀስ ብሎ ከደረቀ ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳይደርቅ በፊት ጠርዙን በማሽን ፋቁት የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ሲደርቅ መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ያ ደግሞ አይመለስም።

«በአንድ ቅዳሜ ያልቃል»

ማንጠፉ በአንድ ቅዳሜ ሊያልቅ ይችላል። ሥራው ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ መሐሉ ላይ መጠበቅ አለበትና። መጀመሪያ አሸንዳውና ተዳፋቱ ይስተካከል፤ ቀጥሎ ዝናብ ይጠበቅና ይታይ፤ ከዚያ ቧንቧና ዳክት ይጠገን። የዳክቱ መጋጠሚያ በብሩሽ በሚቀባ ማስቲክ ይታሸግ፤ በተለይ አየር ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ዳክት የሚያፈስ ከሆነ የክሮል ስፔሱን ሽታ ስቦ መኝታ ቤት ያደርሰዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ላስቲኩ፣ ቬንቱ፣ ዲሂዩሚዲፋየሩ ይከተላሉ። ለመዝጋት የሚመቸው ወቅት ከኦክቶበር እስከ ማርች ያለው ነው፤ የውጭው አየር ደረቅ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካቸው

ክሮል ስፔሱ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ወይም የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለ ቬንቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ቁሙ። ብዙዎቹ አሮጌ ማሞቂያዎች የሚያቃጥሉትን አየር የሚያገኙት ከዚያው ከክሮል ስፔሱ ነው። ቬንቱ ሲደፈን ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ሰው ይገድላል። የሚፈቀደው አየሩን በራሱ ቱቦ ከውጭ የሚያስገባና ጭሱንም በቱቦ የሚያስወጣ ዓይነት ብቻ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳያየው አትዝጉ፤ በየመኝታው አካባቢም የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ይኑር።

ሁለተኛው ራዶን ነው። ከአፈር የሚወጣ፣ የማይሸት ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ሲሆን የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ፉልተን፣ ዲካልብ፣ ኮብና ግዊኔት ካውንቲዎችን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ተርታ መድቧቸዋል፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረውም በእነዚሁ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊትና ከዘጋችሁ በኋላ በመመርመሪያ ኪት ለኩ። በሊትር 4 ፒኮኪዩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ፣ ከላስቲኩ ስር ጋዙን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ቱቦና ማራገቢያ ይገጠማል። ላስቲኩ በደንብ ከታሸገ ለዚህ ሥራ ግማሹ ዝግጅት አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የልብስ ማድረቂያው ነው። ቱቦው ክሮል ስፔስ ውስጥ የሚያበቃ ከሆነ በአንድ ጊዜ ልብስ ከሁለት ሊትር በላይ ውሃ እዚያ ይለቃል፤ አቧራውም ይቀጣጠላል። ኮዱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዛል።

ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩን ማንበብ

ከላይ ሆኖ የሚነበብ ገመድ አልባ የእርጥበት መለኪያ ሁለት ግዙ። አንዱን ከዲሂዩሚዲፋየሩ ርቆ ካለው ጥግ ላይ፣ ሌላውን ከመታጠቢያ ቤቱ ስር አንጠልጥሉ፤ ማሽኑ አጠገብ የተሰቀለ መለኪያ ሁልጊዜ ጥሩ ቁጥር ነው የሚያሳየው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ60 በመቶ በታች መውረድ አለበት። እንጨቱ ቀርፋፋ ነው፤ ከ20 ወደ 13 በመቶ ለመውረድ ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅበት ስለሚችል በወር አንድ ጊዜ እዚያው ነጥብ ላይ ለኩት።

ከዝናብ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁጥሩ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ውሃ አሁንም እየገባ ነው፤ ወደ አሸንዳውና ተዳፋቱ ተመለሱ። ዝናብ ኖረም አልኖረ ከ65 የማይወርድ ከሆነ አየር እየገባ ነው፤ የመግቢያዋ በር ዙሪያ፣ የተደፈነው ቬንትና ቧንቧ ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ይታዩ። ኤሲው ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ከሆነ ዳክቱ ነው። ልብስ በሚታጠብበት ቀን ብቻ ከወጣ ደግሞ ከማጠቢያው ማሽን ውሃ መውጫና ከማድረቂያው ቱቦ ጀምሩ።